ለልጄ ማላላቴ ማሞላቀቅ ይሆን?

የደረሰን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው ደሴ ነው፤ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ማታ ነው። ልጄ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ አልተናገረም፤ ዘመዶቻችን የጦርነቱ ድንጋጤ ነው ይሉ ነበር፤ አምና ግን ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ነገረን። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። መምህሩ ‹ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል› ይሉኛል፤ ቤት ሲደርስ ግን በር ላይ ወድቆ ይጮኻል፣ እጁን ይነክሳል፤ ምንም ብሰጠው አያቆምም። እንግዳ ሲመጣ ሰላም አይልም፣ ሹራብ አይለብስም፣ ከደረቅ እንጀራና ከተጠበሰ ድንች በቀር አይበላም። የመኪና ታርጋ ሲያነብ ብቻ ይስቃል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ብዙውን ነገር ተውኩለት፤ ቤቱም ትንሽ ሰላም አገኘ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን ‹አሞላቀቅሽው፤ ዱላ ነው የጠፋበት› ይላሉ። ባለቤቴም ‹ነገ ዓለም ለእሱ አይታጠፍለትም› ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ትዕግሥቴ አልቆ መታሁት፤ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። አዲስ አበባ ማዕከል አለ ይባላል፤ ቤቴን ጥዬ ልሂድ? ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ የእኅቴ ሰርግ አለ፤ ልውሰደው ወይስ ልተወው?»

እኅቴ፣ የአማትዎን ቃል ሳልንቅ ልጀምር፤ ጥያቄዎ ሁሉ የተንጠለጠለው «ማሞላቀቅ» በሚለው ቃል ላይ ነውና። ሞልቃቃ የምንለው ልጅ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ሲያለቅስም በአንድ ዓይኑ ወደ እናቱ እያየ ጩኸቱ ምን ያህል እንደሠራለት ይለካል፤ የጠየቀው ብስኩት እጁ ሲገባ እንባው ወዲያው ይደርቃል። የእርስዎ ልጅ በር ላይ ሲወድቅ ግን ምን ጠየቀ? የከለከሉት ነገር የለም፤ የሚሰጡትም ነገር እንደማያቆመው ራስዎ ጽፈውልኛል። ይህ መገንፈል ነው። ወተት ሲገነፍል እሳቱን እንቀንሳለን እንጂ ወተቱን አንቆጣውም።

አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ደሴ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር የሚያልፍበትን እስቲ በእሱ ጆሮና በእሱ ቆዳ እናስበው። ጉም በወረደበት ጠዋት በባጃጅ ጡሩምባ መካከል ይሄዳል፤ ግቢ ሲደርስ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ፣ ከፊትም ከኋላም እየተገፋ ለሰንደቅ ዓላማ ይሰለፋል፤ ክፍል ውስጥ ክንዱ ከሌላ ልጅ ክንድ ጋር እየተነካካ በአንድ ዴስክ ላይ ተጣቦ ይቀመጣል፤ የእርጥብ ሹራብ ሽታ፣ የጠመኔ ብናኝ፣ ከጎን ክፍል የሚሰማው የጋራ ንባብ አለ። የእኔና የእርስዎ አእምሮ ከዚህ ሁሉ አብዛኛውን ሳናውቀው ያጣራልናል፤ ኦቲዝም ላለባቸው ለብዙዎቹ ልጆች ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀንስ ይመጣባቸዋል። ልጅዎ ይህን ጥርሱን ነክሶ ችሎ ይውላል፤ የያዘውን የሚለቀውም የማይፈራበት ቦታ ሲደርስ ነው። ስለዚህ መምህሩ «ዝም ብሎ ይቀመጣል» ሲሉ እና እርስዎ ቤት ውስጥ ጩኸት ሲሰሙ፣ እሳቸው ጎበዝ፣ እርስዎ ደካማ ሆናችሁ አይደለም።

እንግዲህ ከትምህርት ቤት የተመለሰበትን የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከማንኛውም ትእዛዝ ነፃ ያድርጉለት። «ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ ሳይቀር ይቆይ፤ ጫማ አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ አያትህን ሳም የሚለውም እንዲሁ። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ አንድ ጥግ ያዘጋጁለት፤ ጋቢ አጥፈው ጭኑና ትከሻው ላይ ጣል ያድርጉለት፤ ክብደቱ የሚያረጋጋቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ካልፈለገው ግን በግድ አይጠቅልሉት። መጮኽ ከጀመረ ደግሞ ያን ጊዜ የሚሰጥ ምክር፣ ተግሣጽም ሆነ ማባበያ አይገባውም፤ ራሱን እንዳይጎዳ አጠገቡ ሆነው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ቃል ቆጥበው ይጠብቁት። የእርስዎ ትንፋሽ ሲረጋጋ የእሱም ቀስ በቀስ ይከተላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። መምህር በነበርኩበት ዘመን ጣቶቹን ጆሮው አጠገብ ዘወትር የሚያወዛውዝ ተማሪ ነበረኝ፤ እኔም በየደቂቃው «እጅህን አጣጥፍ!» እለው ነበር። ልጁ እጁን ሲያጣጥፍ ዓይኑ ይፈዛል፣ ከምለውም አንዲት ቃል አይዝም። አንድ ቀን ደክሞኝ ዝም ስለው፣ ጣቱን እያወዛወዘ የጠየቅኩትን ሁሉ መለሰልኝ። ያ እንቅስቃሴ ለካ ራሱን ሰብስቦ የሚያዳምጥበት ዘዴው ኖሯል። ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለእኔ ቀላል የነበረው ሁለት ዓመት ለእሱ ምን ያህል ከብዶት እንደነበር እስከ አሁን ያሳስበኛል።

ጥፋቱን በእናት ላይ መጣል የደሴ ዘመዶች ብቻ ልማድ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ ለረጅም ዓመታት በምዕራቡ ዓለም የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ «ፍቅር የነሱ ቀዝቃዛ እናቶች ያመጡት ነው» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ካሳየ ወዲህ ያ አባባል መሠረቱ ተናደ። የጦርነት ድንጋጤም እንዲሁ ነው፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ ያየችው ነገር የማንንም ልጅ እንቅልፍ ሊነሣ፣ ፍርሃትም ሊያሳድርበት ይችላል፤ ኦቲዝምን ግን አይፈጥርም፤ መነሻው ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ ባለው የአእምሮ ዕድገት ውስጥ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ግምቱ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገልጻል፤ በእርስዎ ሰፈር ሌላ እንዲህ ያለ ልጅ የማያዩት ስለሌለ ሳይሆን ከበር ስለማያወጡት ይመስለኛል። በነገራችን ላይ «የኦቲዝም ተጠቂ» የሚለውን አባባል አልወደውም፤ ልጁን ያጠቃው ጠላት ያለ ያስመስላል፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ማለት ይበቃል።

አሁን ወደ ማላላቱ ልግባ፤ አማትዎና ባለቤትዎ ከሚሉት ውስጥ እውነት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ማላላት ያለብን ከጩኸቱ በፊት ነው። ልጁ የማይችለውን ነገር አስቀድመው አይተው ከመንገዱ ካነሡለት፣ እናቱ ሁኔታውን እንደምታውቅለት ይማራል፤ «ትለብሳለህ!» ብለው ግማሽ ሰዓት ከታገሉት በኋላ ደክመው ቢተዉት ግን፣ ጩኸት ነገርን እንደሚያስቆም ይማራል፤ እርስዎም በንዴት፣ እሱም በፍርሃት ትወጣላችሁ። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ «ተወችለት» ይባላሉ፤ አማትዎ ያዩት ምናልባት ሁለተኛውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ብቻዎን ሲሆኑ፣ ከልጅዎ በቀን ውስጥ የሚጠይቁትን ሁሉ በልብዎ ይቁጠሩ፤ የትኛው ለሕይወቱና ለጤናው የግድ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ለሰው ዓይን ብቻ እንደሆነ ይለዩ። ሲቆጥሩት ይደነግጣሉ፤ አብዛኛው ለሰው ዓይን ነው።

ሹራቡን እንውሰድ። የደሴ ብርድ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልጁ የጠላው ሙቀቱን ሳይሆን ሱፉ ቆዳውን ሲቧጭረው፣ አንገቱን ሲያንቀው ይሆናል። ሁለት የጥጥ ልብስ ደርበው፣ ምልክቱን ከአንገቱ ላይ ቆርጠው፣ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ገልብጠው ቢያለብሱት ሙቀቱን ያገኛል። የተገለበጠ ልብስ ለጎረቤት ያስቃል፤ ይሣቁ። ምግቡ ላይም እንዲሁ፣ ወጥ እንጀራው ላይ አይፍሰስበት፤ አዲሱ ምግብ በሌላ ሰሃን፣ ያለ ቃል፣ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ቢነካው ይንካው፣ ባይነካው ይነሣ። ድንቹንም መተው ከጀመረ ወይም ከሳ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ባለሙያ ያሳዩት።

ሰላምታው ከሁሉ የከበደ እንደሆነ ይገባኛል፤ ወሎ ላይ እንግዳ ሳይሳም የሚገባበት ቤት የለምና። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ «ጨዋ» የሚሉት ሰዎች፣ ጉንጩን ሳይሰጥ ሲቀር «ባለጌ» ይሉታል፤ በሁለቱም ጊዜ ልጁ ያው ነው። መሳምን ይተዉለት፤ አክብሮትን ግን አይተዉ፤ በሚችለው መንገድ ያሳየው። ቡና ሲፈላ የፈንዲሻውን ሰሃን ለእንግዳ የሚያቀርበው እሱ ይሁን፤ ወይም ከበሩ ቆሞ እጁን ያንሣ። እርስዎም ቀድመው «የእኛ ልጅ ሰላም የሚለው እንዲህ ነው» ብለው በኩራት ይናገሩ፤ እንግዳ የቤቱን ባለቤት ፊት አይቶ ነው የሚፈርደው።

የማይላሉትን ግን አያላሉ። መኪና መንገድ ላይ እጅ መያዝ፣ እሳትና ስለት፣ በክረምት ደግሞ ቦርከናና ጎርፍ የሚወርድባቸው ቦዮች ድርድር የለባቸውም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ሳይታሰብ ከቤት ወጥተው ይሄዳሉ፤ ውኃም ይስባቸዋል። የስልክ ቁጥርዎን በልብሱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይጻፉ፤ የሰፈሩን ባጃጅ ነጂዎችና ባለሱቆች «ይህ ልጅ ብቻውን ከታየ ደውሉልኝ» ብለው ይንገሯቸው። ሰው መምታትም አይፈቀድለትም፤ ሲመታ እጁን ይዘው «አይመታም» ብለው በአንድ ቃል ይጨርሱ፤ ስብከቱ አይሰማውም። ክልከላዎቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ በማንም አፍ ሲነገሩም ያው ሲሆኑ ልጁ ይይዛቸዋል።

ባለቤትዎ «ዓለም አይታጠፍለትም» ማለታቸው ከፍቅር የመጣ ሥጋት ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ለውጥ የሚያስደነግጠው ልጅ ጸንቶ የሚቆምበት ነገር ካላገኘ መታጠፍን አይለማመድም፤ ቤት ውስጥ እኛ የምንታጠፈው እሱ አንድ የማይናወጥ ነገር እንዲኖረው ነው። ለዚህ አንድ ካርቶን ይበቃል፦ ቀኑን በቅደም ተከተል ይሣሉበት፤ ቁርስ፣ ቦርሳ፣ ባጃጅ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤት፣ ድንች፣ መኝታ። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ በሩ አጠገብ ይንጠልጠል፤ ያለቀውን እሱ ራሱ ይሸፍነው። የሚቀየር ነገር ካለ ማታውኑ ሥዕሉን ቀይረው ያሳዩት። ልጅዎ መታጠፍ የሚማረው በዚያ ካርቶን ላይ ነው።

ባለቤትዎን በተመለከተ ሌላም ሐሳብ አለኝ። በሳምንት አንድ ቀን የሚያገኙትን ልጅ ለማረም ከሚያውሉት፣ እሑድ ጠዋት አውራ ጎዳናው አጠገብ ራቅ ብለው አብረውት ይቀመጡ፤ ሲኖትራኩና ተሳቢው ሲያልፍ ታርጋውን አብረው ያንብቡ። አያስተምሩ፣ አይጠይቁ፣ «እስቲ ድገምልኝ» አይበሉ፤ ልጁ ሲያነብ እሳቸውም ተከትለው ያንብቡ፣ አንዳንዴም ሆን ብለው ይሳሳቱና ልጁ ያርማቸው። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ብዙ አባቶች ከልጃቸው ጋር ለመቀራረብ እግር ኳስ ወይም ወሬ ይጠብቃሉ፤ የእርስዎ ልጅ በሩን የከፈተው በታርጋ በኩል ነው፤ በተከፈተው በር መግባት ነው።

ስለ መቱት ልጅ። ከእርስዎ ያልጠበቁት ነገር ከእጅዎ ወጥቷል፤ ይህ የሚሆነው ሰው ሲዝል ነውና ራስዎን እስከ ጥግ አይውቀሱ፤ ነገር ግን ተዳፍኖ አይቅር። ልጁ ንግግር ቢያጥረውም ያስታውሳል። አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ፊቱን በግድ ሳያዞሩ፣ «እማዬ መታችህ፤ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ» ይበሉት፤ ከዚያም የሚወደውን ነገር አብረውት ያድርጉ። ዱላ ለዚህ ልጅ የሚያስተምረው ነገር የለም፤ ከገነፈለ በኋላ መመታት በጩኸቱ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር ነው። በትምህርት ቤትም ቢሆን፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋልና፣ ጥያቄ ቢነሣ ያስታውሱት። ለመምህሩ ግን በሕግ አንቀጽ ባይጀምሩ ይሻላል፤ ሁለት ቀላል ነገሮችን ይለምኗቸው፦ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ከድምፅ ማጉያው ርቆ ከጥበቃው አጠገብ እንዲቆም፣ ክፍል ውስጥም በዴስኩ ጫፍ፣ ግድግዳው በኩል እንዲቀመጥ። በር ላይ የሚወድቅባቸው ቀናት ሲቀንሱ ማየትዎ አይቀርም።

አማትዎ ምናልባት ጠበልም ዱዓም ብለው ይሆናል፤ ይህ የወሎ ቤት ነውና አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ይሂዱ፤ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይሁን፣ ልጁ በግድ አይያዝ፣ የሐኪም ቀጠሮም አይቅር። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ «እፈውሳለሁ» የሚል ሰው ከተገኘ ገንዘብዎን ይያዙ። ሆኖም እንቅልፍ ማጣት፣ ድንገት መፍዘዝ ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ይታከማልና ለሐኪሙ ይናገሩ፤ የሚጥል በሽታ በእነዚህ ልጆች ላይ ከሌሎች ይበልጥ ይታያል። ጆሮውም ተመርምሮ ካላወቀ ይመርመር። አማትዎን ደግሞ በልጁ ፊት አይከራከሯቸው። ሥራ ይስጧቸው፤ ድንቹን የሚጠብሱለት፣ ጋቢውን የሚያለብሱት እሳቸው ይሁኑ። ልጁ ሲረጋጋ በእጃቸው ካዩት፣ ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ ያንን ያምናሉ።

አዲስ አበባ ላይ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፤ ነህምያ የሚባል ሌላ የኦቲዝም ማዕከልም አለ፤ ሁለቱም ብዙ መንገድ የከፈቱ ናቸው። ነገር ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ ባልና ቤት ጥለው፣ ለውጥ የሚያስደነግጠውን ልጅ ወደማያውቀው ከተማ መውሰዱ ለእኔ አይታየኝም። የዓለም የጤና ድርጅት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ብቻ ነው ያለው፤ ልዩ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች እንዲሰጡት ታስቦ የተሠራ ነው። የሚያተኩረውም በቤት ውስጥ በሚደረጉ የዕለት ተዕለት ነገሮች፣ በጨዋታና በምግብ ሰዓት ላይ ነው። ልጅዎን ያየውን ሐኪም ይህ ሥልጠና በአካባቢው ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ቀጠሮ ሲጠብቁ አጠገብዎ የተቀመጠችውንም እናት ስልኳን ይጠይቋት። ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለው፣ የሚጀመረው ጥቂት ጎረቤቶች ሲነጋገሩ አይደል? ሁለት እናቶች በወር አንድ ቀን ቡና ቢጠጡ፣ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ልጅ ብትጠብቅ፣ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሰርጉን አስቀርቶ ልጁን ከዘመድ መደበቅ አያስፈልግም፤ እስከ ማታ ድረስ ድንኳን ውስጥ ማስቀመጥም አያስፈልግም። ከሳምንት በፊት ጀምሮ የሰርጉን ቀን በካርቶኑ ላይ ይሣሉት፤ ሚኒባስ፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ አክስቱ በነጭ ልብስ፣ ከዚያ ወደ ቤት መመለስ። መመለሱ መሣል አለበት፤ ማለቂያውን የማያውቀው ነገር ነው የሚያስፈራው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ አዲሱን ሙሉ ልብስ ይርሱት፤ የለመደውን የጥጥ ሸሚዝ አጥበው ያልብሱት። ድንቹን በዕቃ ይያዙለት፤ የሰርግ ወጥ እንዲቀምስ ማንም አይለምነው። የሚሄዱት ጠዋት፣ ሞንታርቦው ሳይከፈት፣ ሙሽራዋ ገና ስትለብስ ይሁን፤ ያን ጊዜ ከአክስቱ ጋር በጸጥታ ይገናኛል፣ ፎቶም ይነሣል። ሙዚቃው ሲጀምር ባለቤትዎ ይዘውት ወጥተው መንገድ ዳር ታርጋ ያንብቡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እርስዎ ይተኳቸው፤ ማን መቼ እንደሚወጣ ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ እዚያ ላይ አትከራከሩ። ለእኅትዎ ደግሞ ዛሬውኑ ደውለው፣ ልጁ ባይስማት ቅር እንዳትሰኝ፣ እጁን ካነሣላት እሷም እንድታነሣለት ይንገሯት።